የፕሮስቴት እጢን በሙቀት መታከም፦ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሽንቱ የቀጠነበት፣ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የሚነሳ፣ መድኃኒቱም አልበቃ ያለው ሰው «እጢውን በሙቀት እናክመው» ሲባል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኔን ይሻለኛል ወይ?» ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ካንሰር ስላልሆነው የፕሮስቴት እጢ ማደግ ብቻ ናቸው።

በሙቀት ማከም ሲባል እጢው ላይ ምን ይደረጋል?

በብዛት የሚነሱት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ነው። በሽንት ቧንቧ በሚገባ ካቴተር (ለስላሳ ቱቦ) ውስጥ ትንሽ አንቴና አለ፤ ከእርሱ የሚወጣው ኃይል እጢውን ከውስጥ ያሞቀዋል። የቧንቧው ግድግዳ እንዳይቃጠል በዚያው ካቴተር ቀዝቃዛ ውኃ ይዘዋወራል፤ በፊንጢጣ በኩልም የሙቀት መለኪያ ይቀመጣል። የእጢው ሥጋ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በቂ ጊዜ ከቆየ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ፕሮስታትሮን የተባለው የዚህ ዓይነት መሣሪያ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ሁለተኛው የውኃ እንፋሎት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሬዙም በሚለው የንግድ ስሙ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሐኪሙ በካሜራ እያየ ቀጭን መርፌ ወደ እጢው ይሰድዳል፤ እንፋሎቱ ለ9 ሰከንድ ይለቀቃል፤ መርፌው ይወጣና አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተርቆ እንደገና ይገባል። እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ለሥጋው ያስረክባል። በመርፌ የሬዲዮ ሞገድ የሚሰጥ ሦስተኛ ዘዴም ነበር፤ የአሜሪካ ዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ማኅበር ግን አሁን አይመክረውም።

በእነዚህ ሁሉ ሥጋው በዕለቱ ተቆርጦ አይወጣም። የሞተውን ክፍል ሰውነት ራሱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያስወግደዋል። ትንበያው የሚከብደውም ከዚህ የተነሣ ነው። እጢውን በሽንት ቧንቧ በኩል እየላጠ የሚያወጣ ሐኪም ያወጣውን በሚዛን ማየት ይችላል፤ በሙቀት ያከመ ሐኪም ግን ምን ያህል ሥጋ እንደሞተ በዓይኑ አያይም።

«ውጤቱ ጥሩ ነው» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ይህን ሳይጠይቁ ወደ ሌላው ጥያቄ አይለፉ። ሐኪሙ አንድ ነገር ለክቶ «ተሳክቷል» ሲል፣ ታካሚው ሌላ ነገር ጠብቆ «ምንም አልተሻለኝም» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋናው መለኪያ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የሕመም ስሜት መጠይቅ ነው። ሰባት ጥያቄዎች አሉት፦ ፊኛው ባዶ ያልሆነ መስሎ መሰማት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንደገና መሽናት፣ እየተቆራረጠ መውጣት፣ መታገሥ አለመቻል፣ የሽንቱ መቅጠን፣ ማማጥ፣ ሌሊት መነሳት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 35 ይደርሳል። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በመጨረሻ ለብቻው የሚቆም ስምንተኛ ጥያቄ አለ፦ ቀሪ ዕድሜዎን በዚህ ሁኔታ ቢኖሩ ምን ይሰማዎታል? በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ሁለተኛው የፍሰት ምርመራ ነው። ታካሚው ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ዕቃ ውስጥ ይሸናል፤ ከፍተኛው ፍሰት በሰከንድ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይመዘገባል። ከ15 በላይ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ከ10 በታች ሲሆን መዘጋት ይጠረጠራል። ሦስተኛው ከሸኑ በኋላ በፊኛ የሚቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ሲለካ ነው። አራተኛውን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል፦ ሰውየው እንደገና ሕክምና አስፈልጎታል ወይስ አላስፈለገውም?

አራቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ፍሰቱ እምብዛም ሳይጨምር ሌሊት ተኝቶ የሚያድር ሰው አለ። ፍሰቱ አምሮ ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሳም አለ። ስለዚህ «ይሻለኛል ወይ?» ከማለት በፊት «ምኑ እንዲሻለኝ ነው የምፈልገው?» ማለት ይቀድማል። በተለይ ሌሊት መነሳት ከሰባቱ ሁሉ ለሕክምና የሚያስቸግር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መነሻው እጢው ሳይሆን ሌሊት ኩላሊት ብዙ ሽንት ማምረቱ፣ የስኳር በሽታ፣ ማታ የሚወሰድ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ወይም ከእራት በኋላ የሚጠጣው ነገር ስለሆነ ነው።

በጥናቶች የተገኘው ቁጥር ምን ይላል?

ስለ እንፋሎቱ በሰፊው የሚጠቀሰው በአሜሪካ በ197 ወንዶች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከፊሎቹ በእውነተኛው ሕክምና፣ ከፊሎቹ ካሜራ ብቻ ገብቶ እንፋሎት ሳይለቀቅ በማስመሰያ ታከሙ። ከሦስት ወር በኋላ የእውነተኛው ቡድን የመጠይቅ ነጥብ በአማካይ በ11.2 ወረደ። የማስመሰያው ቡድንም በ4.3 ወረደ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ሊዘለል አይገባውም። ምንም ሙቀት ያልደረሰው ሰው ይህን ያህል ከቀነሰ፣ «ታክሜ በአራት ነጥብ ተሻለኝ» ማለት ብቻውን ስለ መሣሪያው ብዙ አይነግረንም። አንድ ሰው ለውጡን በጥቂቱም ቢሆን የሚያስተውለው ነጥቡ በ3 ገደማ ሲወርድ እንደሆነ ይገመታል፤ ሕመሙ ከባድ ለሆነበት ከዚያም በላይ መውረድ አለበት።

በአምስተኛው ዓመት የታከሙት ሰዎች ነጥብ በ48 በመቶ ወርዶ፣ የፍሰቱ ጭማሪም 44 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። መቶኛውን ወደ ነጥብ እንመልሰው። ሰዎቹ ሲጀምሩ አማካያቸው 22 አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ የደረሱት 11 አካባቢ ነው። ከ«ከባድ» ወደ «መካከለኛ» ወርደዋል እንጂ ወደ ወጣትነታቸው አልተመለሱም። ለብዙ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ ዜሮ ለሚጠብቅ ግን ቅሬታ ይሆናል።

ይህ አማካይ ለእኔ ይሠራል?

የሚሠራው ጥናቱ ውስጥ ከገቡት ሰዎች ጋር እስከ ተመሳሰሉ ድረስ ነው። ለዚያ ጥናት የተመረጡት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ነጥባቸው ቢያንስ 13፣ ፍሰታቸው በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ፣ እጢያቸውም ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር የሆነ ነበሩ። የእርስዎ እጢ 130 ሚሊ ሊትር ከሆነ ወይም ካቴተር ከገባልዎት ወራት ከተቆጠሩ፣ ያ 48 በመቶ የእርስዎ አይደለም።

በሌላም በኩል፣ 30 ነጥብ ይዞ የሚጀምር ሰው 14 ይዞ ከሚጀምር ሰው የበለጠ የሚወርድበት ቦታ አለው። «በ15 ነጥብ ወረደልኝ» የሚል ጎረቤትዎ ከየት እንደ ጀመረ ሳይጠይቁ ራስዎን ከእርሱ ጋር አያወዳድሩ።

እጢዬ ትልቅ ከሆነ ውጤቱ ይከፋል?

የግድ አይደለም። የጤነኛ ወጣት እጢ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ሦስት እጥፍ አድጎ ምንም የማያስቸግረው ሰው አለ፣ እምብዛም ሳያድግ ሽንት የሚዘጋበትም አለ። የሚወስነው እድገቱ ወዴት እንደሆነ ነው። በተለይ የመሃከለኛው ክፍል ወደ ፊኛው ገብቶ እንደ መዝጊያ ሲቀመጥ ማይክሮዌቭ በደንብ አይደርስበትም፤ በእንፋሎት ግን መርፌው ተነጣጥሮ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ በካሜራ ወይም በአልትራሳውንድ የእጢው ቅርጽ ሳይታይ በመጠን ብቻ የተሰጠ ትንበያ ጎደሎ ነው።

ችግሩ የእጢ ከሆነ ፊኛዬ ለምን ይመረመራል?

ትንበያ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው።

ሽንት ቀጥኖ የሚወጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መንገዱ ሲጠብ፣ ሁለተኛው የሚገፋው ጡንቻ ሲደክም ነው። በፍሰት ምርመራ ሁለቱ አይለዩም። የሚለያቸው የግፊትና የፍሰት ምርመራ የሚባለው ነው፤ ቀጭን ቱቦ በፊኛው ገብቶ ሰውየው ሲሸና ጡንቻው የሚፈጥረው ግፊት ይለካል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፍሰቱ ከፍተኛ በሆነበት ቅጽበት ከነበረው ግፊት ላይ የፍሰቱ እጥፍ ይቀነሳል። ውጤቱ ከ40 በላይ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከ20 በታች ከሆነ አልተዘጋም፤ በመካከል ያለው አጠራጣሪ ነው።

ሁለት ሰዎችን እንውሰድ፤ የሁለቱም ፍሰት በሰከንድ 6 ሚሊ ሊትር ነው። የመጀመሪያው ግፊት 90 ነው፤ 12 ሲቀነስ 78 ይቀራል። ፊኛው በርትቶ ይገፋል፣ መንገዱ ግን ጠቧል። የሁለተኛው ግፊት 25 ነው፤ 12 ሲቀነስ 13 ይቀራል። የእርሱ መንገድ አልተዘጋም፤ ጡንቻው ነው የደከመው። የመጀመሪያው እጢው ቢሟሽሽለት የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ሁለተኛው በማንኛውም መሣሪያ ቢታከም ብዙ የሚጨምርለት ነገር የለም።

በኔዘርላንድስ በናይሜኸን ከተማ በ1990ዎቹ በማይክሮዌቭ ላይ የሠሩ ሐኪሞች ያዩትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከፍተኛ ኃይል በሚሰጠው ሕክምና በይበልጥ የተጠቀሙት እጢያቸው ከፍ ያለና መንገዳቸው በግልጽ የተዘጋባቸው ነበሩ።

ይህ ምርመራ ደስ አይልም፣ ያስወጣልም፣ ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ነገር ግን ዕድሜዎ የገፋ፣ የስኳር በሽታ የቆየብዎት፣ የጀርባ አጥንት ወይም የነርቭ ሕመም ያለብዎት ወይም ከሸኑ በኋላ ብዙ ሽንት የሚቀርብዎት ከሆነ ከሕክምናው በፊት ቢደረግ እመርጣለሁ።

ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ውጤቱን የሚጠቁም ነገር አለ?

በማይክሮዌቭ አለ። ሁለት እኩል እጢዎች እኩል ኃይል ቢሰጣቸው እኩል አይሞቁም፤ ደም የሚበዛበት እጢ ሙቀቱ በደሙ ይወሰድበታልና። ኮርቴርም የተባለው የስዊድን መሣሪያ የተሠራው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው። በእጢው ውስጥ የሙቀት መለኪያ መርፌ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ በተለካው ሙቀትና በቆይታው ጊዜ ምን ያህል ሥጋ እንደሞተ እያሰላ ሐኪሙ መቼ ማቆም እንዳለበት ያሳያል። በኋላም የደም ሥሮችን የሚያጠብ መድኃኒት ወደ እጢው በመውጋት ሙቀቱ በደም እንዳይወሰድ ማድረግ ተጀመረ። «ሕክምናው አንድ ሰዓት ቆየ» የሚለው ብዙ አይነግርም፤ ውስጡ ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው ይነግራል።

ውጤቱን የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ ይባላል። ይታመናል?

ተሞክሯል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዩሮሎጂ ኒውራል ኔትዎርክ የሚባሉ፣ ከቀደሙ ታካሚዎች መረጃ የሚማሩ ፕሮግራሞች ዕድሜ፣ የእጢ መጠን፣ ነጥብ፣ ፍሰትና ቀሪ ሽንት እየተሰጣቸው ማን እንደሚሻለው እንዲለዩ ተሠርተዋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ነገሮቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ ስለሆኑ ማሽን ሰው የማያየውን ሊያይ ይችላል።

ነገር ግን «85 በመቶ ትክክል ነው» ሲባሉ አይደነቁ። ከ100 ታካሚ 80ው የሚሻለው ቢሆን፣ ለሁሉም «ይሻልሃል» የሚል ግዑዝ ሣጥን 80 በመቶ ትክክል ይሆናል። ያ ሣጥን ምንም አያውቅም። የሚፈለገው የማይሻላቸውን 20ዎቹን ለይቶ ማውጣት ነው፤ ፕሮግራሞቹ የሚቸገሩትም በዚሁ ነው፤ የሚማሩባቸው የከሸፉ ታካሚዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነውና። በአንድ ሆስፒታል መረጃ የተማረ ፕሮግራም ሌላ ሆስፒታል ሲወሰድም ብዙውን ጊዜ ብቃቱ ይወርዳል፤ ሐኪሙ ሌላ ነው፣ መሣሪያው ሌላ ነው፣ ታካሚው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ትንበያ ከቀረበልዎት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ «መሳካት» ያለው ምኑን ነው? ከተሠራበት ቦታ ውጭስ ተፈትኗል?

ካቴተር ገብቶልኛል፤ ሽንቴ ፈጽሞ ተዘግቷል። ተስፋ አለኝ?

አለ። በእንፋሎት በታከሙ ካቴተር በነበራቸው ሰዎች ላይ በተደረገ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ37ቱ 26ቱ በራሳቸው መሽናት ችለዋል። ከአሥር ሰባት ያህል መሆኑ ነው። የቀሩት ሦስቱ እነማን ናቸው የሚለውን ለመገመት ፊኛው ለምን ያህል ጊዜ ተወጥሮ እንደቆየ ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሽንቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ለእኛ ቀላል አይደለም። እጢው በጣም ትልቅ ሲሆንም ክፍት ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ አሁንም የሚሠራ፣ ውጤቱም የተመሰከረለት መንገድ ነው፤ አዲስ መሣሪያ የለም ተብሎ የሚታዘንበት አይደለም።

ጫት መቃም በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል?

በምርመራው ላይ ለውጥ ያመጣል። በየመን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጫት መቃም የሽንት ፍሰትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የፊኛውን አንገት የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጥ ደግሞ ጉዳቱ ቀንሷል። ቅመው ወደ ፍሰት ምርመራ ከሄዱ የተመዘገበው ቁጥር የእጢዎ ብቻ ሳይሆን የጫቱም ነው። ከሕክምናው በፊት ሳይቅሙ፣ ከሕክምናው በኋላ ቅመው ቢለኩ ደግሞ የተሳካ ሕክምና የከሸፈ ሊመስል ይችላል። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ለሐኪምዎ ሳያፍሩ ይንገሩ።

ከታከምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ከሸፈ ማለት ነው?

አይደለም። በሙቀት የተመታ እጢ መጀመሪያ ያብጣል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ካቴተር ይቆያል፤ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ ማስሮጥና ጥቂት ደም የተለመዱ ናቸው። ለውጡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እየታየ ይሄዳል፤ ፍርዱ የሚሰጠው በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተሞላ መጠይቅ ስለ ስድስተኛው ወር አይናገርም።

ስንት ዓመት ይቆይልኛል?

በእንፋሎቱ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና የቀዶ ሕክምና ዓይነት ሂደት ያስፈለጋቸው 4.4 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የጀመሩት 11.1 በመቶ ናቸው። ሁለቱን አብረው ያንብቡ፤ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት ለክትትል የሚመጡትም የታከሙት ሁሉ አይደሉም።

በማይክሮዌቭ በኩል ሥዕሉ ደብዘዝ ይላል። እጢውን በሽንት ቧንቧ በኩል እየላጩ ከማውጣት ጋር ሲወዳደር የሕመም ስሜቱ መሻሻል ይቀራረባል፣ ከባድ ጉዳቱም ያነሰ ነው፤ እንደገና የመታከም ዕድሉ ግን በግልጽ ይበልጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በዚህ መሣሪያ ከባድ የቃጠሎ ጉዳት እንደደረሰ በመግለጽ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም በዳሌ አካባቢ ብረት ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ስለ ወሲብስ?

ሰው የሚያፍርበት፣ ግን ብዙዎች ሙቀቱን የሚመርጡበት ምክንያት ይህ ነው። እጢው ሲላጥ ዘር ወደ ውጭ መፍሰሱን ማቆሙ በጣም የተለመደ ነው። በእንፋሎት ይህ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፤ የብልት መቆም ላይም በጥናቱ ጉልህ ጉዳት አልታየም። አስቀድሞ ችግር የነበረበት ግን ሕክምናው ያስተካክልልኛል ብሎ አይጠብቅ።

የካንሰር ምርመራዬን ይነካል?

ይነካል። ሙቀት ለላቦራቶሪ የሚላክ ሥጋ አያስቀርም፤ ስለዚህ ካንሰር ከተጠረጠረ መጣራት ያለበት ከሕክምናው በፊት ነው። በደም የሚለካው የፕሮስቴት ምልክት ከሕክምናው በኋላ ለጊዜው ስለሚጨምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢለካ በከንቱ ያስደነግጣል።

ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ሽንት ፈጽሞ እምቢ ካለዎት፣ የረጋ ደም መውጣት ከጀመረ፣ ብርድ ብርድ እያለ ትኩሳትዎ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ካቴተር ሳለ ከረጢቱ ውስጥ ምንም ሳይወርድ ሆድዎ ከእምብርት በታች ከተወጠረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲደርሱ በሙቀት እንደታከሙና ቀኑን ይናገሩ፤ ተረኛው ሐኪም አዲስ ካቴተር ሲያስገባ እጢው ገና ያልዳነ መሆኑን ማወቅ አለበት።